የታደሰ ሞተር ለምን ዳግመኛ ይወድቃል?

የቱርቦ ሞተር እድሳት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፦ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪውና ልኬቱ

መግቢያ

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በአዋሽ፣ በመተሐራ፣ በአዳማ (ናዝሬት) እና በሞጆ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው መንገድ የአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ ዋነኛ መተላለፊያ ነው። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው ቅርንጫፍ ደግሞ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ) እና በሻሸመኔ አድርጎ ወደ ሐዋሳ ይዘልቃል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ከሚመላለሱት የጭነት መኪኖች፣ ሚኒባሶችና የመስክ መኪኖች መካከል እጅግ ብዙዎቹ ቱርቦ ቻርጀር የተገጠመላቸው ናቸው። በመንገዱ ዳርና ዳር በተሰለፉት ጋራዦችም ሞተር ማውረድና ማደስ የዘወትር ሥራ ነው።

ለባለንብረቱ መኪናው የቤተሰብ እንጀራ ነው። ሞተሩ ሲወድቅ ያጠራቀመውን አውጥቶ፣ አለያም ተበድሮ ያሳድሳል። ብዙ ጊዜ ግን አዲስ የተገጠመው ቱርቦ ወራት ሳይቆይ ያፏጫል፣ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። ባለንብረቱ ዕቃውን “የማይረባ ነው” ይላል፤ መካኒኩ ሹፌሩን ይወቅሳል፤ ሹፌሩ ደግሞ መካኒኩን። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በአገር ውስጥ ያሉት ሞተሮች ከቀድሞው ለረዘመ ዕድሜ ማገልገላቸው የማይቀር ስለሆነ፣ ጉዳዩ የበለጠ ትኩረት ይሻል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ አንድ ነው። እድሳት ማለት የተበላሸውን ዕቃ በአዲስ መተካት ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን ያበላሸውን ምክንያት ፈልጎ ማግኘትና ማስወገድ ጭምር ነው። ምክንያቱ ካልተወገደ አዲሱም ዕቃ የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል። ለዚህ ፍለጋ የሚያስፈልገው እውቀት ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመታት ከምንማረው ፊዚክስና ኬሚስትሪ የራቀ አይደለም።

ቱርቦ ቻርጀር ምን ይሠራል?

ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው ከአየር በሚያገኘው ኦክሲጂን ነው። ስለዚህ ጉልበቱን የሚወስነው በአንድ ዙር ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው የአየር ክብደት ነው። ከሲሊንደር የሚወጣው ጭስ ገና ብዙ ሙቀትና ግፊት ይዞ ስለሚወጣ፣ ይህን የሚባክን ኃይል መልሶ ለመጠቀም ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጭሱ ተርባይን የሚባለውን ባለክንፍ መንኮራኩር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለው መጭመቂያ መንኮራኩር ደግሞ አየርን ከውጭ ስቦ ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል።

ይህ መሣሪያ ከከፍታ ጋር ያለው ግንኙነት ከጥንት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ግዛት ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት፣ 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አውጥቶ ፈተነው። በባሕር ጠለል 350 የፈረስ ጉልበት ገደማ የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦው ሲታከልለት ግን ወደ 356 ተመለሰ። ቱርቦ በደጋማ አገር ለሚነዳ ሞተር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከፍታው የሚያስከፍለው ዋጋ

በባሕር ጠለል፣ ማለትም በጅቡቲ፣ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በ1,650 ሜትር ከፍታ፣ በአዳማ አካባቢ፣ ወደ 83 ይወርዳል። በ2,400 ሜትር፣ በአዲስ አበባ አካባቢ፣ ወደ 76 ይደርሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አዳማ ላይ ሲደርስ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን፣ የሚያገኘው አየር ከጅቡቲው በ18 በመቶ ያንሳል ማለት ነው።

አሁን ቱርቦው አየሩን ወደ 160 ኪሎ ፓስካል እንዲያደርስ ተፈለገ እንበል። በጅቡቲ ግፊቱን በ1.58 እጥፍ ማሳደግ ይበቃዋል። በአዳማ ግን 1.93 እጥፍ፣ በአዲስ አበባ 2.1 እጥፍ ማሳደግ አለበት። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። በቴርሞዳይናሚክስ ሕግ መሠረት የመጭመቂያው ብቃት 70 በመቶ ቢሆንና አየሩ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢገባ፣ በጅቡቲ ወደ 90 ዲግሪ፣ በአዳማ ወደ 120 ዲግሪ ሞቆ ይወጣል። ለአንድ ዓይነት ውጤት በአዳማ ያለው ቱርቦ ፈጥኖ መሽከርከርና የበለጠ መሞቅ ግድ ይሆንበታል።

የሞቀ አየር ስስ ነው። ስለዚህ ከቱርቦውና ከሞተሩ መካከል ኢንተርኩለር የሚባል ማቀዝቀዣ ይደረጋል። ይህ ማቀዝቀዣ በውጭ በአቧራና በነፍሳት፣ በውስጥ በዘይት ከተደፈነ የቱርቦው ድካም ከንቱ ይሆናል። “ጉልበት አነሰው” ተብሎ ቱርቦው እንዲጨምር መነካካት የሚጀመረውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ጊዜ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ግን ማጠብ ነበር።

ከፍታው የሚፈላበትንም ሙቀት ይለውጣል። ውኃ በአዳማ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን 90 ኪሎ ፓስካል ተጨማሪ ግፊት ከያዘ መፍያው ወደ 115 ዲግሪ ከፍ ይላል። ክዳኑ ከላላ ግን ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ውኃው ይፈላል፤ ከዚያም ቴስታታው ይጣመማል። አንድ ርካሽ ክዳን ሙሉ እድሳት ሊያስከትል ይችላል።

ከመፍታት በፊት መጠየቅ

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። የወደቀ ቱርቦም መጀመሪያ ሊነበብ ይገባል፤ የጉዳቱ መልክ ምክንያቱን ይናገራልና።

የመጭመቂያው ክንፎች ጫፍ ተሞርዶ ወይም ተሸርፎ ከተገኘ፣ አቧራ ወይም ባዕድ ነገር ከአየር ማጣሪያው በኩል ገብቷል። የተርባይኑ ክንፎች ከተጎዱ፣ የተሰበረ ቁራጭ ከሞተሩ ራሱ፣ ለምሳሌ ከቫልቭ ወይም ከፒስተን ቀለበት፣ መጥቷል። ዘንጉ በሙቀት ሰማያዊ ቀለም ይዞ ከተገኘ ዘይት አጥቷል። ኩሽኔታው በጥልቅ መስመሮች ከተቧጨረ ዘይቱ ቆሻሻ ነበረ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ሌላ ነው። ቱርቦው በሁለቱም ጫፍ ዘይት ያፈሳል፤ ነገር ግን ዘንጉም ኩሽኔታውም ደኅና ናቸው። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የቱርቦው ላይሆን ይችላል። ከቱርቦው የሚመለሰው ዘይት ወደ ታች የሚወርደው በስበት ብቻ ነው። የመመለሻው ቱቦ ከተደፈነ ወይም ከተጣመመ ዘይቱ መውጫ አጥቶ በማሸጊያዎቹ ያመልጣል። የፒስተን ቀለበቶቹ (በጋራዥ አነጋገር ፋሻዎቹ) ከተበሉ ደግሞ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ሞተሩ የታችኛው ክፍል ያመልጥና እዚያ የሚፈጥረው ግፊት የቱርቦውን ዘይት እንዳይወርድ ያግደዋል። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ አዲስ ቱርቦ መግጠም ገንዘብን ወደ ጭስ መለወጥ ነው። ስለዚህ ቱርቦ ከመግዛት በፊት የሲሊንደሮቹ ኮምፕረሲዮን መለካትና የአየር መተንፈሻው መፈተሽ አለበት።

በናፍጣ ሞተር ላይ ይህ የሕይወት ጉዳይም ነው። ወደ አየር መግቢያው የሚፈስ ዘይት በራሱ እንደ ነዳጅ ሊቃጠል ስለሚችል፣ ቁልፉ ቢጠፋም ሞተሩ ከቁጥጥር ውጭ ፍጥነቱን እየጨመረ ይሄዳል። ሊያቆመው የሚችለው አየሩን መዝጋት ነው። ይህም በጠንካራ ጠፍጣፋ ነገር ይደረጋል፤ በእጅ ወይም በጨርቅ ፈጽሞ አይሞከርም።

የባልጩት አገር አቧራ

ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። በአዳማና በአካባቢው ያለው አፈር በብዙ ስፍራ ከእሳተ ገሞራ አመድና በውኃ ላይ ከሚንሳፈፈው የፐሚስ ድንጋይ የመጣ ነው። ፐሚስም አመዱም በዋነኛነት የተፈጥሮ መስታወት ናቸው፤ አባቶቻችን ስለት ያወጡበት ባልጩት የዚሁ ቤተሰብ ነው። የመስታወቱ ጥንካሬ በሞስ መለኪያ 5 እና ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ሲሆን አብረውት የሚገኙት የፌልድስፓር ቅንጣቶች 6 ይደርሳሉ። አሉሚኒየም ግን ከ3 አያልፍም። የመጭመቂያው መንኮራኩርና ፒስተኑ የሚሠሩት ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው።

በአየር ማጣሪያውና በቱርቦው መካከል ያለው የጎማ ቱቦ ቢሰነጠቅ ወይም ማሰሪያው ቢላላ፣ ይህ ስለታም ብናኝ ሳይጣራ ይገባል። ከዘይት ጋር ሲደባለቅም መሞረጃ ይሆናል። የማጣሪያ ወረቀትን በከፍተኛ የአየር ግፊት መንፋት ወረቀቱን ሊበሳው እንደሚችል ልብ ይሏል፤ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ከተደፈነ ማጣሪያ የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

ዓይን አይበቃም፣ ይለካ

ሞተሩ ከወረደ በኋላ ሥራውን የሚመራው ልኬት ነው። ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በየስፍራውም በሁለት አቅጣጫ ይለካል። መበላት የሚበረታው የላይኛው ቀለበት በሚደርስበት በላይኛው ጫፍ አካባቢ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ሲሊንደር ስፋት ከታች 93.02፣ ከላይ 93.12 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። የክብ ዙሪያ ከስፋቱ በ3.14 እጥፍ ስለሚበልጥ የቀለበቱ ክፍተት ከላይ በ0.31 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር ቢዞር ፒስተኑ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ይወጣል ይወርዳል፤ ቀለበቱም በእያንዳንዱ ጉዞ ይከፈታል ወይም ይዘጋል። እንዲህ ባለ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ቀለበት ብቻ መክተት የሚያዋጣ አይደለም። ሲሊንደሩ ተሞርዶ ለትልቅ መጠን ፒስተን መዘጋጀት ወይም ሸሚዙ መለወጥ አለበት።

በተመሳሳይ መንገድ የክራንክ ሻፍቱና የኩሽኔታዎቹ ክፍተት፣ የቢየላዎቹ ቀጥተኛነት፣ የቴስታታው ጠፍጣፋነት ይለካሉ። የኩሽኔታ ክፍተት ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ከሰው ፀጉር ውፍረት ጋር የሚቀራረብ ነው። ትክክለኛው ወሰን ያለው በፋብሪካው መመሪያ ውስጥ ስለሆነ በልማድ አይተካም። የቴስታታው ብሎኖችም በተወሰነው ኃይልና በተወሰነው ቅደም ተከተል መጥበቅ አለባቸው።

የአሥረኛ ግራም ክብደት

የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ መንኮራኩር በ150,000 ዙር ሲዞር ጫፉ በሴኮንድ 393 ሜትር ይጓዛል፤ ይህ ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል። በዚህ ፍጥነት ከመሐል 2 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚገኝ 0.1 ግራም ትርፍ ክብደት ዘንጉን ወደ ውጭ የሚጎትትበት ኃይል 490 ኒውተን ገደማ ነው፤ የግማሽ ኩንታል ጭነት ማለት ነው። ይህ ኃይል በሴኮንድ 2,500 ጊዜ አቅጣጫውን እየለወጠ ዘንጉን ይመታል።

ከዚህ የምንረዳው ግልጽ ነው። የተሸረፈን ክንፍ በሞረድ ማስተካከል ወይም የውስጥ ክፍሎችን ከተለያዩ ቱርቦዎች ሰብስቦ በማመዛዘኛ መሣሪያ ሳይፈተኑ መግጠም አደገኛ ነው። ዘንጉን ተሸክሞ የሚያኖረውም ስስ የዘይት ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ለቅጽበት ቢቋረጥ ብረት ከብረት ይገናኛል።

የጽዳት ኬሚስትሪ

የተፈቱ ክፍሎችን በካስቲክ ሶዳ መቀቀል የተለመደ ነው። ይህ ለብረት ብሎክ ይሠራል። አሉሚኒየም ግን ከካስቲክ ሶዳና ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ሶዲየም አሉሚኔት ይሆናል፤ ተቀጣጣይ ሃይድሮጂንም ይወጣል። ስለዚህ የአሉሚኒየም ቴስታታ፣ ፒስተን ወይም የቱርቦ መጭመቂያ ቤት በዚህ ከታጠበ በዓይናችን ፊት ይበላል። ለእነዚህ ተስማሚው ለስላሳ ሳሙና፣ ሙቅ ውኃና ብሩሽ ነው።

ይኸው ኬሚስትሪ በራዲያተሩም ውስጥ ይሠራል። በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ብዙ የጉድጓድ ውኆች በሶዲየም ባይካርቦኔትና በፍሎራይድ የበለጸጉ ናቸው። ባይካርቦኔቱ ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቆ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለወጣል፤ ውኃውም ይበልጥ አልካላይን ይሆንና አሉሚኒየሙን ይጎዳል። ለታደሰ ሞተር የሚገባው የተጣራ ውኃ ከዝገት መከላከያ ፈሳሽ ጋር ነው።

ሲሊንደር ከተሞረደ በኋላ የሞረጃው ብናኝ በስስ መስመሮቹ ውስጥ ተሸጉጦ ይቀራል። ቤንዚን ዘይቱን ብቻ አጥቦ ብናኙን ይተወዋል። ሙቅ ውኃና ሳሙና በብሩሽ ያወጣዋል። ነጭ ጨርቅ በዘይት ነክሮ ሲጠርጉበት ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይደጋገማል፤ ወዲያውም ዝገት እንዳይጀምር ዘይት ይቀባል። የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎች፣ የቱርቦው የዘይት ቱቦና ኢንተርኩለሩም እንዲሁ ይጸዳሉ። በተሰበረው ቱርቦ የተበተነ ቁራጭ በኢንተርኩለሩ ውስጥ ከቀረ ወደ አዲሱ ሞተር የሚገባው በመጀመሪያው ጉዞ ነው። በዘይት ቱቦ መጋጠሚያ ላይ የሲሊኮን ማጣበቂያም አይደረግ፤ ተቆርጦ የሚሄደው ፍርፋሪ የቱርቦውን ጠባብ የዘይት መግቢያ ይደፍናል።

ከኮፈን በታች ያለውን ማጽዳት

የሞተሩን ክፍል ማጽዳት ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ንጹሕ ሞተር አዲስ የሚጀምርን ፍሳሽ ገና በጠብታ ሳለ ያሳያል። ከዚህም በላይ የተርባይኑ ቤት በሥራ ላይ በብዙ መቶ ዲግሪ ይሞቃል፤ ናፍጣ ደግሞ ከ250 ዲግሪ በታች በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። በዘይት የራሰ ቱቦና የተላጠ ሽቦ ከዚህ ትኩስ ብረት አጠገብ ሲገኙ እሳት ቀጠሮ ይዟል ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦

1. ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ መፍታት።
2. የአየር መግቢያውን፣ አልተርኔተሩንና የኤሌክትሪክ ሳጥኖችን በላስቲክ መሸፈን።
3. ደረቁን አፈር በብሩሽ ማራገፍ፤ ቅባቱን በሳሙናማ ማጽጃ ማለስለስ።
4. በለዘብተኛ ግፊት ማጠብ፤ በአየር ማድረቅ።
5. የተላጡ ሽቦዎችን ማደስ፤ ከሙቅ ክፍሎች አርቆ ማሰር፤ የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮዎችን ወደ ቦታቸው መመለስ።

በቤንዚን መታጠብ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች በሆነ ሙቀት እንኳ ይቀጣጠላል፤ ከአየር ስለሚከብድም በጋራዥ ቦይ ውስጥ ይጠራቀማል። የተቃጠለ ዘይት በቆዳ ላይ ለዓመታት መደጋገሙ ለቆዳ ካንሰር ስለሚያጋልጥ፣ ለሥራ ልምምድ የሚገቡ ወጣቶች ጓንት ሊለብሱ፣ እጃቸውንም በሳሙና ሊታጠቡ ይገባል።

የወጣው ዘይት ወዴት ይሄዳል የሚለውም ጥያቄ ቀላል አይደለም። የአዋሽ ወንዝ ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ሐይቆች ያበቃል። የዝዋይ ሐይቅ ውኃ ወደ አብያታ ይፈስሳል፤ አብያታ መውጫ የለውም። በስምጥ ሸለቆ ወደ ቦይ የተደፋ ዘይት ርቆ የሚሄድበት ባሕር የለውም፤ ከእኛው ጋር ይኖራል። በበርሜል መሰብሰብ የሁላችን ግዴታ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

የታደሰ ሞተር ሲነሣ የቱርቦው ኩሽኔታ ደረቅ ነው። ስለዚህ በቱርቦው የዘይት መግቢያ ንጹሕ ዘይት ይጨመራል፤ ከዚያም ነዳጁ ተዘግቶ የዘይት ግፊት እስኪታይ ሞተሩ በማስነሻው ብቻ ይዞራል። ከተነሣም በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች በዝግታ ይቆይ፤ ወዲያው ነዳጅ አይሰጠው።

ሲጠፋም እንዲሁ ነው። ከመተሐራ ቆላ ጭነት ይዞ ወደ አዳማ የወጣ መኪና እንደቆመ ወዲያው ቢጠፋ፣ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፤ የተርባይኑ ሙቀት ግን ወደ ዘንጉ መፍሰሱን ይቀጥላል። በዚያ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉም ለነገ መሞረጃ ነው። ሁለት ደቂቃ ያህል በዝግታ እንዲሠራ መተው ይህን ይከላከላል።

ማጠቃለያ

በአዳማ እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተመሠረተው ተቋም ዛሬ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከግቢው ውጭ ደግሞ ልምድ ያካበቱ መካኒኮች በየጋራዡ አሉ። የአንዱ ቀመርና የሌላው እጅ ሲገናኙ የታደሰ ሞተር ዕድሜ ይረዝማል። ተማሪው ወደ ጋራዥ ሲሄድ ሊያነሣው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ “ምን ተሰበረ?” የሚል ሳይሆን “ለምን ተሰበረ?” የሚል ይሁን።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የአንድ ሲሊንደር የላይና የታች ስፋት ልዩነት 0.06 ሚሊ ሜትር ቢሆን የቀለበቱ ክፍተት በስንት ይለዋወጣል?
2. ስፋቱ 60 ሚሊ ሜትር የሆነ መንኮራኩር በደቂቃ 120,000 ዙር ቢዞር የጫፉ ፍጥነት ስንት ነው?
3. ኩሽኔታው ደኅና የሆነ ቱርቦ በሁለቱም ጫፍ ዘይት ቢያፈስ ቱርቦውን ከመለወጥ በፊት ምን ምን ይፈተሻል?

መልስ፦ 1) 0.19 ሚሊ ሜትር ያህል። 2) በሴኮንድ 377 ሜትር ያህል። 3) የዘይት መመለሻው ቱቦ፣ የሞተሩ መተንፈሻና የሲሊንደሮቹ ኮምፕረሲዮን።